የሐሙስ በረዶ ቡና

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በቀን እስከ ሁለት መቶ ስኒ ቡና ቀምሶ ሁለት መቶውንም ተፍቷል። ሥራው ነበር። በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት ቅምሻ ክፍል ውስጥ ረጅሙ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ በማንኪያ ፉት፣ ምላስ ላይ ዞር፣ ወደ ባልዲው እንትፍ። የሚኖርበት ሕንጻ ውስጥ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ «ቀማሹ» ነው የሚሉት። ሚስቱ በሕይወት ሳለች እንግዳ በመጣ ቁጥር «ቡና ተፍቶ ደመወዝ የሚበላ ሰው ከኔ ባል ሌላ አሳዩኝ» እያለች ታስቅበት ነበር። ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ እቤቱ ገብቶ የቀለደበት ሰው የለም።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ መኝታ ቤት፣ አንድ ሳሎን፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ወጥ ቤት። መስኮቱ የሚያየው የሌላ ሕንጻ መስኮት ነው። አንድ ሴት ልጅ አለችው፤ በሌላ ከተማ አግብታ ትኖራለች። እሑድ እሑድ ትደውላለች። መብላቱን ትጠይቃለች፣ መብላቱን ይነግራታል፣ ልጆቿ ስልኩን ይነጥቋትና ጩኸት ይሆናል፣ ያበቃል። የጁስ መፍጫ የላከችለት እሷ ናት፤ አትክልት እየፈጨ እንዲጠጣ። መፍጫው ከነካርቶኑ ዓመት ከመንፈቅ ቁም ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

በክረምቱ መግቢያ ጉንፋን ያዘው። እንደማንኛውም ጉንፋን ሳምንት አስተኝቶት ሄደ። ሲሄድ ግን ባዶ እጁን አልሄደም።

መጀመሪያ ያወቀው በሳሙና ነው። ፊቱን ሲታጠብ ሳሙናው ድንጋይ ሆነበት። የቡናውን ቆርቆሮ ከፍቶ አፍንጫውን ከተተ፤ ምንም። ሽንኩርት ከተፈ፤ ዓይኑ አነባ እንጂ አፍንጫው ዝም አለ። የጫማ ቀለም ከፈተ። ኮምጣጤ አሸተተ፤ ኮምጣጤው ወጋው፣ ሽታ ግን አልነበረውም። ሐኪሙ አንዳንዴ ይመለሳል፣ አንዳንዴ አይመለስም አለው። ይኼን ለመስማት ሁለት ሰዓት ተሰልፏል።

ለማን ይንገር? ለልጁ ቢነግር፣ ጋዝ ሲያፈስ በምን ልታውቅ ነው ብላ ጠቅልላ ትወስደዋለች፤ ከልጆቹ ጩኸት መሐል ትከተዋለች። ሌላ የሚነግረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ለዚያች ሰው መንገሩ ግን ከዚህ ሁሉ ይብስበታል።

ያቺ ሰው ተማሪው ነበረች። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ከስኒ አጣቢነት አንስቶ ቀማሽ ያደረጋት እሱ ነው። ዛሬ በሱ ወንበር የተቀመጠችው እሷ ናት፤ የድርጅቱ ቡና የሚያልፈውም የሚወድቀውም በእሷ ፊርማ ነው። እሱ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ፣ ያጠራጠራትን ናሙና በትንንሽ ከረጢት ይዛ አራት ፎቅ ትወጣለች። ማንም አላዘዛትም። በሙያው ደንብ አንድ ምላስ ከተጠራጠረ ሁለተኛ ምላስ ይጠየቃል፤ ሁለቱ ከተለያዩ ደግሞ የአንጋፋው ቃል ይጸናል። ደንቡን ያስተማራት እሱ ነው። እሷ አርባ ዓመት ሞልቷታል፤ እሱ ግን «አንቺ ልጅ» ነው የሚላት። እሷ «ጋሼ» ትለዋለች።

ከሐሙስ እስከ ሐሙስ በሩን የሚያንኳኳ የለም ማለት ይቻላል። ፊት ለፊቱ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ብቻ ናት፤ እሷም የምታንኳኳው የሆነ ነገር ሲጎድላት ነው።

አፍንጫው የሄደ ቀማሽ ምን ይቀረዋል? ምላስ ጣፋጭና መራራ፣ ጨውና ኮምጣጣ ይለያል። የተቀረው ሁሉ የአፍንጫ ሥራ ነው። ለተማሪው ቢነግራት ታዝንለታለች። አንድ ሁለት ሐሙስ ባዶ እጇን ትመጣለች። ከዚያ ሥራ ይበዛባታል። ነገሩን አንብቦ እንደጨረሰው ጋዜጣ ያውቀዋል። ስለዚህ አልነገራትም።

ዓይኑን በጨው ታጥቦ መቅመሱን ቀጠለ። አምስት ስኒ ከአንድ ናሙና ይደረደራል፤ ጥፋት አንዳንዴ ከአምስቱ አንዱ ስኒ ውስጥ ብቻ ስለሚደበቅ ነው። እሱ ማንኪያውን ይዞ ይቆምና «አንቺ ቅደሚ» ይላታል፤ መምህር ስለሆነ ያምርበታል። ከዚያ ስኒውን ትቶ ፊቷን ይቀምሳል። ቅንድቧ ከተነሳ ደግ ነገር አግኝታለች። ከንፈሯ ከጠበበ ጥፋት አለ። ፊቷ ምንም ካላለው ወይም እሷ ራሷ ካመነታች «ንጹሕ ነው» ይላል። ንጹሕ የሚለው ቃል ማንንም አያጣላም፤ ሰው አመስግኖ ትንሽ ይቆያል። በሰባት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ናሙና እንዲህ አድርጎ ፈረደ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የሱ ግን ሐሙስ በመጣ ቁጥር ይከብድ ነበር።

በረዶ ቡናውን የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው።

ትኩስ ቡና አስጠልቶት ነበር። ሽታ የሌለው ትኩስ ቡና የጋለ መራራ ውሃ ነው። አንድ ቀን ፀሐይ በበረታበት ቀትር በአንድ ካፌ መስታወት በኩል ሲያልፍ፣ ወጣቶች ረጅም ብርጭቆ ፊታቸው አስቀምጠው አረፋ ያለው ቀዝቃዛ ቡና በስትሮ ሲስቡ አየ። ቆሞ አያቸው። በሥራው ያወቀው ነገር ትዝ አለው፤ በጣም የቀዘቀዘ ነገር ለማንም እምብዛም አይሸትም። እዚያ ላይ ከሰው እኩል ነኝ አለ። ቤቱ ገብቶ መፍጫውን ከቁም ሣጥን አወረደ።

የመጀመሪያው ቀን ክዳኑን በእጁ መጫን አላወቀም። ቁልፉን ሲጫነው ቡናው ወጣ፤ ጣሪያው ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ መነጽሩ ላይ። ቆሞ ሲያየው ሳቁ መጣ። የሚስቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ ሳቁ ቶሎ አለቀ፤ ጨርቅ አምጥቶ ግድግዳውን ጠረገ። ጣሪያው ላይ ግን እጁ አልደረሰም።

ከዚያ በኋላ እንደ ሙያተኛ ያዘው። በተራ በረዶ ሲፈጨው በረዶው ይሟሟና ቡናው ይቀጥናል። ስለዚህ ቡናውን ራሱን በረዶ አደረገው፤ ወፍራም አድርጎ ያፈላል፣ ያቀዘቅዛል፣ በበረዶ ማውጫው ጉድጓዶች ውስጥ ይሞላና ፍሪዘር ይከታል። ሲሟሟ ወደ ቡና ነው የሚሟሟው። ስኳር በቀዝቃዛ ነገር ውስጥ እንቢ ስለሚል ቀድሞ በጥቂት ሙቅ ውሃ ያቀልጠዋል። ስድስት የቡና በረዶ፣ ግማሽ ብርጭቆ ወተት፣ ሁለት ማንኪያ የቀለጠ ስኳር፣ ምሬቱን የምትገራ በሁለት ጣት የተቆነጠረች ጨው። መፍጫውን አንዴ አስነስቶ አይተወውም፤ ሞተሩ ይግላል፣ በረዶውን ያቀልጠዋል። ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን፣ ለቀቅ። መድረሱን በጆሮው ይለያል። መጀመሪያ ጠጠር የሚፈጭ ይመስላል፣ ቀጥሎ አሸዋ፣ ከዚያ ድምፁ ዝቅ ይልና ይወፍራል። ያኔ ያቆማል።

የሚቀረው ብርዱ፣ ጣፋጩና በጥርስ መሐል የምትንኮሻኮሽ ደቃቅ በረዶ ነበር። ብዙ አይደለም። ግን ይኼን ብቻውን በደንብ ያውቀዋል። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሠራል፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ይጠጣል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡና እየዋጠ ነበር።

በሰባተኛው ሳምንት ሰኞ ልብስ ሰፊዋ አንኳኳች። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ፍሪጄ ሞቶብኛል። ይኼን ዓሣ እስከ ዓርብ ያዝልኝ» አለች፤ እሺታውን ሳትጠብቅ አስጨብጣው ተመለሰች።

ፍሪዘሩ ትንሽ ነው። ዓሣውን ከበረዶ ማውጫው ጎን አጋደመው። ማውጫው ክዳን የለውም፤ የዓሣው ጋዜጣም ጫፉ ተቀዷል። ይኼ ሰው በሥራ ዘመኑ ሽቶ ተቀብታ የመጣችን ጸሐፊ ከቅምሻ ክፍል በር የመለሰ፣ ምሳው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ያለበትን ሠራተኛ ግማሽ ቀን ያባረረ ነው። በረዶ አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ እንደሚጠጣ ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ሽታ የሌለበት ዓለም ውስጥ ሁለት ወር የኖረ ሰው ሽታ መኖሩን ይረሳል።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ተማሪው መጣች። አንድ ከረጢት ብቻ ነው የያዘችው። ፈጩት፣ አፈሉት፣ አምስቱን ስኒ ደረደሩ። እንደ ልማዱ አንቺ ቅደሚ አላት። ሦስተኛው ስኒ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ደግማ ጎነበሰች፤ ሦስተኛ ጊዜ ጎነበሰች። እርጥብ ጆንያ ነገር፣ ሻጋታ ነገር ሳይሆን አይቀርም አለችው፤ ግን በጣም ስስ ነው፣ እርግጠኛ አይደለሁም አለች። ባለፈው ሳምንትም ከዚያ በፊትም እንዲሁ የተሰማት ነገር እንደነበረና እሱ ንጹሕ እንዳለው አስታወሰችው።

ማንኪያውን አነሳ። ፉት አለ፣ አዞረ፣ ተፋ። ምላሱ ላይ ምንም አልነበረም። ፊቷን አየ፤ ፊቷም እየጠበቀው ነበር።

«ንጹሕ ነው» አላት።

ስኒዎቹን ማጠብ ስትጀምር ተዪው አላትና ወጥ ቤት ገባ። ዛሬ ትንሽ አቆያታለሁ ብሎ ሁለት ብርጭቆ በረዶ ቡና ፈጨ። እስከ ዛሬ ቀምሳለት አታውቅም። በረጅም ብርጭቆ አረፋው እስከ አፍ ሞልቶ፣ ስትሮ ሰክቶ አቀረበላት። ፊት ለፊቷ ተቀምጦ የራሱን ሳበ።

እሷ አንድ ጊዜ ሳበችና ቆመች። ብርጭቆውን አየችው። እሱን አየችው። እሱ ግማሹን ጨርሷል፤ ከንፈሩን ይልሳል።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የጨመሩበት?»

«ምንም። ቡና፣ ወተት፣ ስኳር፣ ትንሽ ጨው።»

«ሌላ ምንም?»

«ሌላ ምን ይጨመራል? አልጣመሽም?»

«ኧረ ጥሩ ነው» አለች። ደግማ ሳበች። ቀስ እያለች፣ እንደ መድኃኒት፣ ብርጭቆውን እስከ ታች ጠጣችው። ከዚያ ባሏ እንደሚጠብቃት ተናግራ ከወትሮው ቀድማ ሄደች። እሱ ግን ባዶውን ብርጭቆ አይቶ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ሙሉውን ጠጥታለች።

በማግሥቱ ልብስ ሰፊዋ ዓሣዋን ልትወስድ መጣች። ፍሪዘሩን ራሷ ከፍታ አፍንጫዋን ያዘች፤ ምነው ጋዜጣውን እንኳ አትደግምበትም ብላ ተቆጣችው። ላስቀመጥኩልሽ ኪራይ ልትከፍይ ነው እንዴ ብሎ መለሰላትና፣ ደስታው ገና አልበረደም ነበርና፣ ከሚሠራው በረዶ ቡና ቀድቶ ሰጣት። አንድ ጊዜ ተጎነጨችና ሮጣ ገንዳው ላይ ተፋችው።

«ዓሣዬን ፈጭተህ ነው እንዴ ያጠጣኸኝ?»

«ምን?»

«ዓሣ ዓሣ ነው የሚለው። ራስህ ጠጥተኸው ነበር? አይሸትህም እንዴ?»

ቀልድሽን ተዪ አላት። አልቀለደችም። ብርጭቆውን አፍንጫው ሥር ይዛለት ቆመች፤ ፊቱን አየችና ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ስትወጣ በሩን በእርጋታ ዘጋችው። ይኼ የሷ ጠባይ አልነበረም።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ተማሪው አንድ ብርጭቆ ሙሉ የዓሣ ሽታ ጠጥታ ጥሩ ነው ብላ ሄደች። እንዲህ ያለ ይሉኝታ አላስተማራትም፤ ቀማሽ ይሉኝታ ካለው ሥራ ይቀይር ነበር የሚላት። እንግዲህ ነቅታብኛለች አለ። ነቅታ፣ አዝናልኝ፣ ዝም ብላ ጠጣችው። ሳምንቱን ሙሉ ሐሙስ ስትመጣ ምን እንደምትለው፣ ምን እንደሚላት ሲያሰላ ከረመ። ሐሙስ አሥር ሰዓት ሆነ። አሥራ አንድ ሆነ። የደረጃውን ኮቴ ሁሉ ሰማ፤ አንዱም አራተኛ ፎቅ አልደረሰም።

ዓርብ ጠዋት ስልክ ተደወለ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ነበር። ሰላምታውን አሳጥሮ ወደ ነገሩ ገባ። ተማሪው ከቅምሻ ክፍል ወደ መጋዘን ጽሕፈት እንድዛወር ብላ ማመልከቻ አስገብታለች አለው። አፍንጫዬ ከድቶኛል ትላለች፤ ንጹሕ ቡና ሻጋታ ሻጋታ ይለኛል፤ ጋሼ ንጹሕ ያሉት ሁሉ ለኔ ይሸተኛል፤ ሐኪም ቤትም ሄጄ ምንም አላገኙብኝም ትላለች። ስለ ዓሣም የሆነ ነገር ነገረችኝ፣ እሱ አልገባኝም አለ ሥራ አስኪያጁ። ከዚያ ጥያቄውን አመጣ። ሐሙስ ሐሙስ አብሯት የሚቀምሰው እሱ ስለሆነ፣ የምትለው እውነት መሆኑን ካረጋገጠለት ሰኞ ይፈርምላታል። ሌላ ሰው እስኪገኝ ደግሞ ወንበሩ ተመልሶ የሱ ይሆናል፤ ስድስት ወር፣ ምናልባትም ዓመት።

ለካ ነቅታበት አልነበረም። ያላወቃት እሱ ነው። ከአፍንጫዋና ከጋሼ ቃል አንዱን ማመን ነበረባት፤ አፍንጫዋን ጣለች። ዓሣውን የጠጣችው አዝናለት አይደለም። እሱ እየጣመው ሲስብ አይታ፣ ዓሣ ሊኖር አይችልም ብላ ነው።

«ነገ እመጣለሁ» አለው ሥራ አስኪያጁን።

የተሰጠውን ነገር እስከ ጫፉ አሰበው፤ አላሰብኩትም ቢል ውሸት ነው። ጠዋት የሚሳፈርበት አውቶቡስ፣ ነጩ ካፖርት፣ የሰው ድምፅ፣ የሻይ ሰዓት። እሷ መጋዘን ውስጥ መዝገብ ስትጽፍ ትውላለች፤ አፍንጫዬን አጣሁ ብላ ካመነች ሐሙስን አትተውም፣ እንዲያውም እንደ ሁለት አካለ ስንኩል አብረው ይቀመጣሉ። ለዚህ ሁሉ የሚጠበቅበት አንዲት ቃል ብቻ ናት። «አዎ» ማለት። ቅምሻውንስ እንዴት ሊያደርገው ነው? እሱንም አሰበው። ረዳቶቹን አንተ ቅደም፣ አንቺ ቅደሚ እያለ ይኖራል።

ቅዳሜ ጠዋት በሁለት አውቶቡስ ሄደ። ዘበኛው ቆሞ ተቀበለው። ቅምሻ ክፍሉ እንዳለ ነው፤ ያው ጠረጴዛ፣ ያው ባልዲ፣ ግድግዳው ላይ በሱ እጅ የተጻፈው ሽቶ ክልክል ነው የሚል ወረቀት። ሥራ አስኪያጁ ማመልከቻውን ይዟል። ተማሪው ካፖርቷን አልለበሰችም፤ ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም።

ቀማሹ አልተቀመጠም። መደርደሪያው ላይ ለማስተማሪያ ያስቀመጠው የሻገተ ቡና ቆርቆሮ አለ፤ የክፍሉ ስኒ አጣቢ ያንን እንድታወርድ ጠየቃት። አራት ስኒ ከንጹሕ ቡና፣ አንዱን ስኒ ከዚያ ቆርቆሮ፤ የትኛው እንደሆነ ከሥሩ ምልክት አድርገሽ ዞር በይ አላት። ስኒዎቹ ሲደርሱ ተማሪው ወደ ኋላ ሸሸች።

«እኔ ይቅርብኝ ጋሼ። እርስዎ ይቅደሙ» አለች።

ቀደመ። አምስቱም ላይ ጎነበሰ፣ አምስቱንም በማንኪያ ሳበ፣ ተፋ። ሁለተኛውን ስኒ ወደፊት ገፋ አደረገው። ከዚያ እሷን ጠበቀ። ቆመች፣ መጣች፣ ጎነበሰች። አራተኛው ላይ ከንፈሯ ጠበበ። ቀጥታ አላየችውም።

«ይኼ አይደለም?» አለች በዝቅተኛ ድምፅ።

አጣቢዋ አራተኛውን ከፍ አድርጋ ሥሩን አሳየች። ምልክቱ እዚያ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሳቀ፤ ሽማግሌው የሚቀልድ መሰለው። ይደገም አለ ቀማሹ። ተደገመ። እሱ አንደኛውን አለ፣ እሷ አምስተኛውን አለች፣ አምስተኛው ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ ሲደረደር ማንኪያውን አላነሳም።

«እኔ አይሸተኝም» አለ። «ከክረምቱ ጉንፋን ወዲህ ጽጌረዳና ፍግ ብታቀርቡልኝ አልለያቸውም። ንጹሕ ያልኩትን ሁሉ በግምት ነው ያልኩት። የሷ አፍንጫ ደኅና ነው። የሞተው የኔ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ማመልከቻውን ይዞ የሚያደርገው ጠፋው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ መልሶ አነሳው። ከዚያ ወጥቶ መጋዘን ደወለ፤ ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ንጹሕ የተባለው ቡና ገና አልተጫነም ነበርና ከረድፍ ይውጣ አለ። አጣቢዋ ስኒዎቹን ሰብስባ ገንዳው ጋ ሄደች።

ተማሪው ቆማ ነበር። ታለቅሳለች ብሎ ፈርቷል። አላለቀሰችም።

«ዓሣውስ?» አለች።

«ዓሣው ዓሣ ነበር። የጎረቤቴ ነው። በረዶው ጎን አስቀምጬው ነው።»

«ሙሉውን ጠጣሁት እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«አያውቁም። ዘጠኝ ቀን ቤቴ ያለውን ዕቃ ሁሉ እያሸተትኩ ከረምኩ። የልጆቼን ጫማ ሳይቀር። ባሌ አበድሽ አለኝ። እርስዎ ንጹሕ ነው ባሉኝ ቁጥር እኔ...» አቆመችው። ካፖርቷን ከመስቀያው አነሳች፣ ለበሰች፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈች። «ለምን አልነገሩኝም?»

መልስ ነበረው። በአውቶቡሱ ውስጥ ሲያዘጋጀው መጥቷል። ስለ ሐሙስ፣ ስለ ደረጃው ኮቴ፣ ስለ መስኮቱ። እዚያ ሆኖ ሲያየው ግን ልመና መሰለው።

«ትቀሪብኛለሽ ብዬ ነው» አላት፤ የቀረውን ተወው።

እስከ ውጭው በር ሸኘችው፤ ደንብ ስለሆነ። እጁን አልያዘችም። በሩ ላይ ሲደርሱ እንደ ዋዛ አድርጎ «ሐሙስስ?» አላት።

«እንጃ ጋሼ» አለች። «መጀመሪያ ንዴቴ ይብረድልኝ።»

«ይብረድልሽ» አለና ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

እሑድ ልጁ ስትደውል ለሷም ነገራት። የፈራውን ሁሉ አለች፤ ጋዙን፣ መጠቅለሉን፣ መምጣቱን። ጋዙን በኤሌክትሪክ ምድጃ እቀይራለሁ፣ አልመጣም አላት። ተጨቃጨቁ፤ ልጆቹ ስልኩን ሳይነጥቁ የጨረሱት የመጀመሪያ እሑድ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ሳይጠይቃት አዲስ ሥራ ያዘች። ሲያሻት ታንኳኳና ፍሪጁን ከፍታ ወተቱን፣ ሥጋውን፣ የተረፈውን ወጥ ታሸታለች። ይኼን ጣል፣ ይኼ እስከ ነገ ይበላል ትለዋለች። ከዚያ ወደ ልብሷ ትመለሳለች፤ አትቀመጥም።

የመጀመሪያው ሐሙስ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። አሥር ሰዓት ሲደርስ ደረጃውን ላለመስማት መፍጫውን ያስነሳል፤ አንድ ብርጭቆ ለመፍጨት ግን ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

በሦስተኛው ሐሙስ አሥር ሰዓት አልፎ ስልኩ ጮኸ። ተማሪው ነበረች። በሥራ ድምጿ ነው የምትናገረው። ያን አሥራ አንድ ናሙና መልሳ እየቀመሰች መሆኑን፣ ገሚሱ ተጭኖ የሄደ በመሆኑ ከየትኛው መጀመር እንዳለባት ማወቅ እንደምትፈልግ ነገረችው። ስለዚህ ቁጥር በቁጥር ትጠራለታለች፤ የትኛውን አውቆ እንደፈረደ፣ የትኛውን እንደገመተ ይነግራታል።

«አንድ» አለች።

«ግምት።»

«ሁለት።»

«ግምት።»

ሦስተኛው ኮምጣጣ ነበር። እሱን በምላሴ ነው ያወቅኩት፣ እመኚው አላት። የብዕሯ ድምፅ ተሰማው። አራተኛው ላይ ቆመ፤ ያን ቀን ቅንድቧ ተነስቶ እንደነበር፣ እሱም ያንን አይቶ እንደተናገረ ነገራት። ያንንም ጻፈች። ስድስተኛውን ሲጠራጠር አያድበስብሱብኝ፣ አዎ ወይም አይ ይበሉኝ አለችው። ግምት ነው አለ። ሰባት፣ ግምት። ስምንት፣ ግምት። ግማሽ ሰዓት ወሰደባቸው። በዚያ ወር ከሰው ጋር ያደረገው ረጅሙ ወሬ ይኼ ነበር።

አሥራ አንደኛውን ጽፋ ስትጨርስ አለቀ አለች።

«ከዚያ በፊት ያሉትንስ?» አላት። «እንያቸው ካልሽ እኔ ጊዜ አለኝ።»

«ከዚያ በፊት ያሉት ደኅና ናቸው ጋሼ። እነሱን አልነካቸውም።»

ሐሙስን አላነሳችም። እሱም አላነሳባትም። ደኅና ይዋሉ አለችው፣ ደኅና ዋዪ አላት፤ ስልኩን ቀድማ የዘጋችው እሷ ነበረች።